የአናናስ ጠጅ እንዴት ይጣላል?

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። እኔ ግን ትርጉሙን በሚገባ የተረዳሁት በመጀመሪያው የፍራፍሬ ጠጄ ነው። ጠጁን በጣልሁ በሦስተኛው ሳምንት መፍላቱን ያቆመ መስሎኝ በአምስት ጠርሙስ ሞላሁትና ክዳኑን አጥብቄ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥሁት። በአራተኛው ሌሊት እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ባበራ ሁለቱ ጠርሙሶች ፈንድተዋል፤ ስብርባሪው እስከ በሩ ደርሷል፤ ገና ያላረምሁት የተማሪዎች ደብተር በጠጅ ርሷል። ቤቱን ያከራዩኝ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና ወለሉን አይተው፣ «ልጄ፣ ፈልቶ ሳይጨርስ ማን ዝጋ አለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለመሆኑ ጠጅ የሚፈላው ለምንድን ነው? እናቶቻችን ማር በውሃ በጥብጠው ጌሾ ሲጨምሩበት፣ እርሾ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ጣፋጩን ይመገቡታል። መፍላት የእነዚህ ሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ19ኛው ምእተ ዓመት አስረድቷል፤ ስለ ወይን ጠጅ ያጠናውንም በ1866 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በመጽሐፍ አሳትሟል። እርሾው ከሚበላው ስኳር በክብደት ግማሽ ያህሉ አልኮል ሲሆን፣ የቀረው ግማሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይሆናል። በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 4 ግራም ስኳር፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ሳይፈላ ቢቀር ኋላ አንድ ሊትር የሚያህል አየር ይወጣዋል። እንግዲህ መውጫ ያጣ አየር ጠርሙስ ቢሰብር ምን ያስደንቃል?

ለጀማሪ 4 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ቢበላሽበትም ኪሳራው ትንሽ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት የበሰለ አናናስ፣ 600 ግራም ስኳር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ጠንከር ያለ ጥቁር ሻይ፣ ዳቦ የሚጋገርበት ደረቅ እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ሻዩ አናናስ የሌለውን ጠንካራ ጣዕም ይሰጠዋል።

ከሁሉ በፊት ንጽሕና ይቅደም። እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት በከንቱ አይደለም። እኛም ዕቃውን ሁሉ በሳሙናና በፈላ ውሃ እንጠብ። የብረትና የመዳብ ዕቃ ግን ከፍሬው ኮምጣጣነት ጋር ስለማይስማማ ይቅር።

አናናሱን ልጦ በትንንሹ ከከተፉ በኋላ ስኳሩን በውሃው አፍልቶ በላዩ ማፍሰስ ነው። ለብ ሲል ሻዩና እርሾው ይጨመራል። በትኩሱ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በየቀኑ ጧትና ማታ እያማሰሉ ለአምስት ቀን ማቆየት ነው። በስድስተኛው ቀን በንጹሕ ሻሽ ይጠለልና አንገቱ ጠባብ በሆነ ዕቃ ይጨመራል። ክዳኑ ይበሳና ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይገባበታል፤ የተበሳውም ዙሪያ አየር እንዳያስገባ በሰም ይደፈናል። የቱቦው ሌላ ጫፍ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይነከራል። እንዲህ ሲሆን የውስጡ አየር እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፤ የውጭው ግን አይገባም። ጠጅ ነፋስ ካገኘው ወደ ኮምጣጤ ይለወጣልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ አምቡላው ከሥር ይዘቅጣል። ጠጁን ሳያናውጡ በቱቦ ስበው ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ያዛውሩትና እንደ ፊተኛው ቱቦውን አድርገው ሦስት ወር ይተዉት። በጠርሙስ የሚሞላው ከጠራና በብርጭቆው ውሃ ውስጥ ለሁለት ሳምንት አንድም አረፋ ካልታየ ብቻ ነው። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ዘዴ ጨምሬአለሁ፤ ከጠጁ ጥቂት በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ አጥብቄ ዘግቼ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ሳምንት አኖራለሁ። ጠርሙሱ ተነፍቶ ከጠነከረ ጠጁ ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል። ያወቀበት ሰው ግን የሚያተርፈው ጠጁን ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ራሱ የሚሠራውን ሥራ ለጊዜ መተውንም ይማርበታል። በኅዳር የጣልሁትን ሁለተኛውን ጠጅ ለፋሲካ ከፈትሁት፤ ወርቅ መስሎ ጠርቶ ነበር። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይዤ ወደ አከራዬ ሄድሁ። ቀመስ አድርገው ጥቂት ዝም አሉና፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ጌሾ ብቻ ጎድሎታል» አሉኝ። ብርጭቆውን ግን ባዶውን ነው የመለሱልኝ።