ቀባሪው ሞልቷል፤ ጧሪውስ ወዴት አለ?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር ስለሚኖሩ አረጋውያን

በአገራችን ሰው ሲመረቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። አባቶቻችን ሁለቱን ቃላት አጣምረው የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጧሪ ማለት ሰው ባረጀ ጊዜ የሚመግበው፣ የሚያለብሰው፣ ሲታመም የሚያስታምመው ነው። ቀባሪ ማለት ደግሞ ከሞተ በኋላ በወግ በማዕርግ አፈር የሚያለብሰው ነው። ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል ቢባል ጧሪው እንደሚቀድም ማንም አይስተውም። ይሁን እንጂ በዘመናችን የሚታየው ተገላቢጦሽ ነው። ለቀብር የሚሆነው ማኅበር፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ በየመንደሩ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ፣ መዝገብ አበጅቶ ይሠራል። ለመጦር የሚሆነው ነገር ግን ገና በየፊናው ተበትኖ ይገኛል። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

ነገሩን በአንድ አገር ላይ አድርገን ብንመለከተው ይሻላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚያደርሰው መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ እስከ ቴፒ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚዛን ተፈሪ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ዛሬ ሚዛን አማን ትባላለች። አገሩ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ዝናቡ ብዙ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ነው። የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎችም ስማቸው የታወቀ ነው።

በዚህ አገር የሚያረጀው ሰው አንዱ ተወላጅ፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካቾ፣ መዠንግር ወይም ሌላ ሲሆን፣ ልጆቹ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ሄደውበታል። ሌላው ከሩቅ የመጣ ነው። ገሚሱ ቡና ልልቀም ብሎ መጥቶ በዚያው ቀርቷል። ገሚሱ ደግሞ ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ መንግሥት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ካሰፈረው 600,000 ከሚጠጋ ሕዝብ መካከል በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር የሰፈረ ነው። ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። ዘመዱ ወሎ ነው፤ ጉልበቱ ግን እዚሁ በቡናው ሥር አልቋል።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። እኚህ እናት በአሳብ የሣልናቸው ናቸው፤ ነገር ግን አገሩን የሚያውቅ ሁሉ እሳቸውን የመሰለ ሰው አይቷል ለማለት እንደፍራለን። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። ባላቸው ሞተዋል። ቤታቸው ከዋናው መንገድ የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ይርቃል። በወጣትነታቸው በለቀማ ወራት ብቻ እየተቀጠሩ ሲሠሩ ስለኖሩ፣ ጡረታ የሚያስገኘውን አገልግሎት ሊሞሉ አልቻሉም። ዛሬ የደም ግፊት አለባቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏል።

እኚህ እናት የሚያንኳኩት በር አላጡም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግፊታቸውን ለክታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካቸዋለች። ጤና ጣቢያው የወር መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ቀበሌው ከድኾች መዝገብ ቢያስገባቸው የጤና መድኅኑን መዋጮ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ሹም አለው። ዕድሩ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ አለ፤ ጎረቤትም አለ። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ግፊታቸውን ሲያውቅ ብቻቸውን መኖራቸውን አያውቅም። ቀበሌው ድህነታቸውን ሲያውቅ ሕመማቸውን አያውቅም። ጎረቤት ሁለቱንም ያውቃል፤ ለማን እንደሚናገር ግን አያውቅም። የወሩ መድኃኒት ያልቃል። ጭቃው ከባድ ነው፤ ዓይን አያይም፤ አድራሽ የለም። «አሁንስ ተሽሎኛል» ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ አካላቸው ሳይታዘዝ ቀርቶ ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ይሸከማቸዋል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል። ለድንኳኑ ከወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ቀደም ብሎ ለመሳፈሪያና ለአድራሽ ቢውል ኖሮ ድንኳኑ ባልተቸኮለም ነበር።

ይህ የሚሆነው ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ስለ አረጋውያን የወጣው ብሔራዊ መርሐ ግብር ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚያገለግል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ በየገጠሩ ቀበሌ ጤና ኬላ ተሠርቷል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፍቷል። እንጨቱም ልጡም ተዘጋጅቶ ሳለ ቤቱ ያልቆመው የሚያስረው ሰው ስለ ጠፋ ነው።

ማሰሩስ እንዴት ይቻላል? ለዚህ መልስ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ ይኸው የከፋና የሸካ አገር ራሱ አስተማሪያችን ነው። በፈጣን ወንዞች ዳር በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፍ፣ ቆዳን የሚያሳክክና የሚያበላሽ፣ ዓይንንም የሚጎዳ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባል በሽታ በዚያ አገር ለብዙ ዘመን ሲያስቸግር ኖሯል። መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1980 ዓ.ም. መድኃኒቱን በነፃ ለመስጠት ቃል ገባ። በከፋና በሸካ መታደል የጀመረው ግን በ1993 ዓ.ም. ገደማ ነው። በየጫካው ተበትኖ ለሚኖር ሕዝብ ሐኪም ልኮ ማዳረስ ስለማይቻል፣ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ከመካከሉ የሚያምነውን አዳይ እንዲመርጥ ተደረገ። አዳዩ የየቤቱን ሰው በመዝገብ ጻፈ። ሚዛን ስለሌለውም ምልክት ባለው ዘንግ ቁመት እየለካ፣ ስንት ፍሬ ኪኒን እንደሚገባው ከዘንጉ አነበበ። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለጠና በሽተኛ አልሰጠም። የከበደውን ነገር ለጤና ሠራተኛው አስታወቀ።

አንባቢያችን ልብ ይበል። እዚያ ሥራውን ያሳካው አራት ነገር ነው፦ ሰዉ የሚያውቀው አንድ ሰው፣ ማንንም የማይዘል መዝገብ፣ ቀላል መለኪያ፣ የሚነገረውም አለቃ። ለአረጋውያኑ የጎደለው ይኸው ነው።

መለኪያውም ቢሆን ተዘጋጅቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አረጋዊን በቤቱ ለመመርመር ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም ይላል። በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር 5 ጊዜ ተነሥቶ ለመቀመጥ ከ14 ሰኮንድ በላይ ይፈጅበታልን? ባለፉት 3 ወራት ሳያስበው ከ3 ኪሎ በላይ ከሥቷልን? የተነገሩትን 3 ቃላት ጥቂት ቆይቶ ያስታውሳልን? ማየቱስ፣ መስማቱስ፣ የልቡ ሐዘንስ? ይህን ለመጠየቅ ጥቂት ሥልጠና ያገኘ ወጣት ይበቃል። ባለጸጋይቱ ጃፓንም ብትሆን በ1992 ዓ.ም. የአረጋውያን መጦሪያ መድኅን ስታቋቁም፣ የሐኪሙንም የቤት ረዳቱንም ሥራ የሚያያይዝ አንድ ተጠሪ እንዲኖር አድርጋለች። ገንዘብ በሞላበት አገር እንኳ አያያዥ ካስፈለገ፣ በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። በየቀበሌው ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው ሁሉ ይመዝገብ፤ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ በምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ቢታመም ማን እንደሚጠራም ይጻፍ። ብቻውን ለሚኖር ለእያንዳንዱ አንድ ተጠሪ በስም ይታወቅ። የጤና ሠራተኛዋ፣ የቀበሌው ሹም፣ የዕድሩ ዳኛና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው በወር አንድ ጊዜ ተቀምጠው ስም በስም ይነጋገሩ። የሕመሙ ምሥጢር ከጤና ሠራተኛዋ ዘንድ ይቅር፤ ለሌሎቹ የሚያስፈልገው እርዳታ ብቻ ይነገራቸው። ዕድሩም ከመዋጮው ጥቂቱን ለሕያዋን ይመድብ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኤድስ ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛን አስታመዋል፣ የሙት ልጅ አሳድገዋል። ጥቂት እግር ቡና እያላቸው መልቀም ላቃታቸውም እሸቱ ከመርገፉ በፊት ደቦ ይውጣላቸው፤ የዓመት ቀለባቸው እርሱ ነውና።

«ወላጅን መጦር የልጅ ፋንታ ነው፤ የቀበሌ ሥራ አይደለም» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ዛሬም ሸክሙን የተሸከመው ልጅ ነው፣ ይልቁንም ሴት ልጅና ምራት። ሆኖም መድኃኒቱን ለማምጣት፣ መዝገቡን ለማስሞላት፣ ቀጠሮውን ለማድረስ ሦስት ቦታ ስትመላለስ የቡናው ወራት የሚያልፍባት እርሷ ናት። ሥራው ቢያያዝ የልጅነት ግዴታዋ አይቀርባትም፤ ይቀልላታል እንጂ። እንዲሁም ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ የሚያገለግሉ ስለሆነ፣ ይህንን ሁሉ በእነሱ ጫንቃ ላይ መጫን አይገባም። ተጠሪ የምንለውም ስለዚህ ነው።

አሁን ቃላችንን ወደ ወጣቶቹ እንመልሳለን። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲና በሌላውም ትምህርት ቤት የምትማረው ተማሪ፣ በዕረፍትህ ወደ መንደርህ ስትገባ የአንድ አረጋዊ ተጠሪ ለመሆን ዲፕሎማህን መጠበቅ የለብህም፤ አንቺም እንዲሁ። አዲስ የተሾምከው ወጣት ሹም ደግሞ ነገ ጠዋት መዝገብህን ግለጥና ራስህን ጠይቅ። ባለፈው ዓመት በቀበሌህ ስንት ሰው እንደ ተቀበረ የዕድሩ ጸሐፊ ወዲያው ይነግርሃል። ከዛሬ ጀምሮ ስንት አረጋዊ ብቻውን እንደሚያድር፣ የማንኛውም መድኃኒት በዚህ ሳምንት እንደሚያልቅ ለመናገር ትችላለህን?