አሮጌ ከተማና ከከተማ ውጭ የተሠራ ገበያ፤ የዳድሊና የሜሪ ሂል ነገር

ዳድሊ በእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ የምትገኝ አሮጌ የገበያ ከተማ ናት። በኮረብታዋ ላይ የፈረሰ ግንብ አለ፤ ከግንቡ በታች ዋናው መንገድ ሰፋ ብሎ ገበያ የሚቆምበት ስፍራ ይሆናል። በዚሁ ስፍራ የዳድሊው ኧርል በ1867 ያሠራው የድንጋይ ፏፏቴ እስከ ዛሬ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዓመት ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የአካባቢው ሕዝብ ልብሱንና ጫማውን፣ የቤት ዕቃውንና ቀለቡን የሚሸምተው ለብዙ ዘመን ከዚህች ከተማ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ትልልቆቹ መደብሮች ተከታትለው ለቀዋት ወጡ። የሄዱትም ሩቅ አይደለም፤ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ወደሚገኘው፣ ብራየርሊ ሂል ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሜሪ ሂል ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ሰው አውቶሞቢል ስለ ገዛ ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ የግብር ነገር ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምንመለከተው እሱን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አውቶሞቢሉ ጥቂት እንበል። በብሪታንያ ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የመጀመሪያውን ታላቅ የምግብ መደብር በዌልስ አገር በኬርፊሊ የከፈተው በ1972 ነበር። ከለንደን በስተሰሜን በኩል ደግሞ ብሬንት ክሮስ የተባለው፣ ብዙ ሱቆች በአንድ ጣራ ሥር የተሰበሰቡበት ገበያ በ1976 ተከፈተ። ረስል ሺለር የተባለ የንግድ ጉዳይ አጥኚ በ1986 ባወጣው ጽሑፍ የሱቆችን ከከተማ መውጣት በሦስት ማዕበል ከፍሎታል። በመጀመሪያ የወጣው የምግብ ንግድ ነው፤ ቀጥሎ አልጋና ምንጣፍ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የግንባታ መሣሪያ፤ በሦስተኛው ማዕበል ግን ልብስና ጫማ የመሳሰለው ሸቀጥ መውጣት ጀመረ።

አሮጌውን ከተማ የሚጎዳው ይህ ሦስተኛው ነው። ዱቄትና ስኳር የሚገዛ ሰው አንድ ሱቅ ገብቶ ይወጣል። ጫማ ወይም ካፖርት የሚገዛ ሰው ግን ዋጋና ዓይነት ለማመዛዘን ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ሲዞርም ሻይ ይጠጣል፣ ያላሰበውን ይገዛል፣ ወዳጁን ያገኛል። የከተማ መካከል ሞቅ ብሎ የሚኖረው በዚህ ዙረት ነው። የአልጋ ነጋዴ ከከተማ ቢወጣ ቦታው ቶሎ በሌላ ይሞላል፤ የልብስ መደብር ሲወጣ ግን ተመላላሹን ሰው ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ሜሪ ሂል ስለ ምን በዚያ ስፍራ ተሠራ? በብራየርሊ ሂል አጠገብ የዳድሊው ባላባት ቤተ ሰብ በ1857 ያቋቋመው ራውንድ ኦክ የሚባል የብረት ፋብሪካ ነበር። አገሩ ከድንጋይ ከሰሉና ከጭሱ ጋራ በተያያዘ «ጥቁር አገር» የሚል ስም የወጣለት ነውና፣ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለብዙ ትውልድ የእንጀራ ምንጭ ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1982 ፋብሪካው ሲዘጋ ከ1,200 የሚበልጡ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ።

በዚያን ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ለእንደዚህ ያለው ችግር አዲስ መድኃኒት አዘጋጅቶ ነበር። አሳቡን በ1977 በንግግር ያቀረበው ፒተር ሆል የተባለው የጂኦግራፊ ሊቅ ነው፤ ሥራ በሞተባቸው የከተማ ክፍሎች እንደ ሆንግ ኮንግ ደንብና ግብር ቢቀልል ምን ይሆናል ሲል ጠየቀ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሰር ጄፍሪ ሃው አሳቡን አሳጥሮና አለዝቦ በ1980 በሕግ አስገባው። ሕጉ በተመረጡ ክልሎች ውስጥ ለሚሠራ ባለሀብት የሰጠው ጥቅም ዋና ዋናው ይህ ነው፤ የንግድ ቤት ግብር እስከ ዐሥር ዓመት አይከፈልም፤ ለሕንፃ የወጣው ገንዘብ በሙሉ ግብር ከሚከፈልበት የትርፍ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል፤ ለክልሉ ከወጣው ዕቅድ ጋራ የሚስማማ ሕንፃ ደግሞ ለየብቻው ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም። ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ምክንያት ያጣውን ግብር የገንዘብ ሚኒስቴር ይተካለታል። በዳድሊ አውራጃ የመጀመሪያው ክልል በ1981 ተሰየመ፤ የራውንድ ኦክ መሬት በ1984 ተጨመረ።

ሕጉ ሲወጣ ብዙ ሰው ያሰበው ትንንሽ ፋብሪካዎችና የእጅ ሥራ ቤቶች ይበዛሉ ብሎ ነበር። ሕጉ ግን ፋብሪካንና ሱቅን አጥብቆ አልለየም። የአካባቢው ተወላጆች የሆኑት መንታ ወንድማማቾች ዶንና ሮይ ሪቻርድሰን መሬቱን ገዝተው ሥራ የጀመሩት ይህን ተረድተው ነው፤ እኛም በማስተዋላቸው ልንነቅፋቸው አንችልም። በ1985 ሰፋፊ የቤት ዕቃ መደብሮች ተከፈቱ፤ ከዚያ የምግብ መደብር ተከተለ፤ ከዚያም ባለ ጣራው ገበያ በየክፍሉ እየተሠራ በ1989 ተፈጸመ። ለሚያስተውል ሰው የሚያስገርም ነገር አለ። ገበያው የቆመው አብዛኛው በቀድሞው የሜሪ ሂል እርሻ መሬት ላይ ነው፤ ዋናው የፋብሪካ መሬት ቆይቶ ለቢሮዎችና ለምግብ ቤቶች ዋለ። ለሞተ ፋብሪካ ተብሎ የተሰጠው የግብር ምሕረት በመጀመሪያ ያበቀለው በሣር ሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዳድሊ ዋና መንገድ ላይ ያለ ነጋዴና በሜሪ ሂል ያለ ነጋዴ አንድ ዓይነት ሸሚዝ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ እንበል። የዳድሊው ነጋዴ የንግድ ቤት ግብር ይከፍላል፤ የሜሪ ሂሉ አይከፍልም። የዳድሊው ደንበኛ ለመኪና ማቆሚያ ይከፍላል፤ የሜሪ ሂሉ በሺህ በሚቆጠር ማቆሚያ በነጻ ያቆማል። ከዚህም በላይ ለክልሉ ማዘጋጃ ቤቱ ያጣውን ግብር የሚተካው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው፤ ያም ከሕዝብ ግብር የተሰበሰበ ነውና፣ የዳድሊው ባለ ሱቅ የተወዳዳሪውን ወጪ በከፊል ይሸፍን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእርግጥ የግብሩ ምሕረት ሁሉ ለነጋዴው ኪስ አልቀረም። የኤኮኖሚ ተማሪዎች እንደሚያውቁት፣ ግብር በቀለለበት ቦታ ኪራይ ከፍ ይላል፤ ጥቅሙም ከተከራዩ ወደ መሬቱ ባለቤት ይሸጋገራል። ነገር ግን ባለ መሬቱ ይህን ገንዘብ ሕንፃ ለማስፋትና ትልልቅ መደብሮችን በቀላል ኪራይ ለመሳብ ሊያውለው ይችላል። እነዚህ ትልልቅ መደብሮች በንግድ ሰዎች ቋንቋ «መልሕቅ» ይባላሉ፤ ራሳቸው ጥቂት ኪራይ ይከፍላሉ፣ የሚያመጡት ሰው ግን ትንንሾቹ ሱቆች ብዙ እንዲከፍሉ ያደርጋል።

ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው ታዋቂ መደብር በ1990 ከዳድሊም ከስታወርብሪጅም ለቅቆ ወደ ሜሪ ሂል ሄደ። ሴንስቤሪ፣ ብሪቲሽ ሆም ስቶርስና ሲ ኤንድ ኤም በእነዚያው ዓመታት ዳድሊን ለቀቁ። መሥሪያ ቤታቸው ለንደን የሆነ ኩባንያዎች ቅርንጫፍ ከአንድ መንገድ ወደ ሌላ ሲያዛውሩ የሚያዩት ሒሳብ ነው፤ ከከተማዋ ጋራ የሚያስራቸው ሌላ ነገር የለም። በአባቱ ሱቅ የሚነግደው የአገሩ ሰው ግን የሜሪ ሂልን ኪራይ መክፈል አይችልም፤ ስለዚህ በቆመበት ቀርቶ ተመላላሹ ሲቀንስ ያያል። ባዶ የቀሩት ትልልቅ ቤቶች ከፊሎቹ ለርካሽ ዕቃ መሸጫና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያገለገለ ልብስ መሸጫ ሆኑ። በ1993 ለአካባቢ ሚኒስቴር ተጠንቶ የወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ዳድሊ ከዚያ በፊት ከነበራት የልብስና የመሰል ሸቀጥ ገበያ ከግማሽ የበለጠውን አጥታለች። ስታወርብሪጅም ተጎድታለች፤ ጉዳቷ ግን ያን ያህል አልነበረም።

የተጎዳው ነጋዴው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዳድሊ የሰው ማመላለሻ ባቡር ጣቢያዋ በ1964 ስለ ተዘጋ፣ መኪና የሌለው ሰው የሚተማመነው በአውቶቡስ ነው። ወደ ሜሪ ሂል አውቶቡስ አለ፤ ነገር ግን በእግሯ ወርዳ ከገበያው ስፍራ የምትገዛ አሮጊት የምትፈልገው ሱቅ አራት ኪሎ ሜትር ሲርቃት የምትከፍለው የአውቶቡሱን ዋጋ ብቻ አይደለም። በሌላ ወገን ለሜሪ ሂልም እውነቱን እንመስክርለት። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ዝናብ በማይገባበት፣ መኪና በማይጋፋት አዳራሽ ውስጥ መገብየት ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል?

ስለ ሥራ የሚቀርበው ክርክር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሜሪ ሂል ብዙ ሺህ ሰዎች ሥራ አግኝተዋል ይባላል፤ በዚያ የሚሠራው ሰው ብዛት በዓይን የሚታይ ነው። ነገር ግን ከዳድሊ ተነሥቶ በሜሪ ሂል የተተከለ መደብር ሠራተኞቹን ይዞ ቢሄድ፣ ይህ የተዛወረ ሥራ እንጂ የተፈጠረ ሥራ አይደለም። ደግሞም በሱቅ የሚገኘው ሥራ አብዛኛው የግማሽ ቀን ነው፤ በእቶን ፊት ሲሠራ የኖረውን ብረት ሠሪ የሚተካ አይደለም። ግብር የተማረው ለእሱ ሲባል ነበረ፤ እሱ ግን ከተጠቃሚዎቹ መካከል በብዛት አይገኝም። በአጠገቡ ያለው የብራየርሊ ሂል ዋና መንገድ እንኳ ከገበያው በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ ያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ መኪናውን በነጻ ያቆመ ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ኮረብታ የሚወጣበት ምክንያት የለውምና።

ማዘጋጃ ቤቱስ ለምን ዝም አለ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በካርታው ላይ አለ። በ1974 በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ዳድሊ፣ ስታወርብሪጅና ሄልሶወን በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ሆነዋል፤ ብራየርሊ ሂል ከዚያ ቀድማ በ1966 ከዳድሊ ጋራ ተቀላቅላ ነበር። ስለዚህ የሚጎዳውም የሚጠቀመውም የአንድ ቤት ልጅ ነበር። ፈቃድ የመከልከሉም ሥልጣን በክልሉ ደንብ ምክንያት ከእጁ ወጥቶ ነበር።

መንግሥት ደንቡን ያጠበቀው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 መመሪያው ተሻሻለ፤ በ1996 ደግሞ ሱቅ ሊሠራ የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ በከተማው መካከል፣ ከዚያ በከተማው ዳር ቦታ መፈለጉን፣ ከከተማ ውጭ የሚወጣውም ሁለቱን ሲያጣ መሆኑን እንዲያስረዳ ታዘዘ። ሆኖም ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አያፈርስም። በፊት የተፈቀዱት እነ ትራፎርድ ሴንተር በ1998፣ ብሉወተር በ1999 ተከፍተዋል። በዳድሊ በኩል ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ በ2008 የጸደቀው የምዕራብ ሚድላንድስ ዕቅድ ሜሪ ሂልን የሚጨምረውን ብራየርሊ ሂልን በዳድሊ ፋንታ ዋና የንግድ ማዕከል አድርጎ ሰየመ። ከከተማ ውጭ ተብሎ የተሠራው በወረቀትም ከተማ ሆነ።

ሜሪ ሂል ራሱ ሁሉም ነገር ተሳክቶለት አልኖረም። ጎብኚ ለማመላለስ በ1991 የተከፈተው በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር በ1996 ቆመ፤ ተሽከርካሪዎቹም ተነቅለው ወደ አውስትራልያ ተወሰዱ። በኋላ ገበያውን የያዘው ኢንቱ የተባለው ኩባንያ ዕዳው ከብዶት በሰኔ 2020 ወደቀ። ከመልሕቆቹ አንዱ የነበረው ዴበንሃምስ፣ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ማዘዝ በለመደበትና ወረርሽኙ ሱቆችን በዘጋበት ዘመን በመላ አገሪቱ ፈርሶ፣ በ2021 እዚህም ተዘጋ። በግብር ምሕረት ዘመን በትልቅ መደብር ይሞላ የነበረው ወለል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በዳድሊ ዋና መንገድ ላይ እንደ ታየው፣ ተከራይ የሚፈለግለት ባዶ ስፍራ ሆነ።