የሉማሜው ተማሪ ጥያቄ

በቅርቡ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ ሉማሜ ላይ አድረን ነበር። ማታ ከተማሪዎች ጋር ስንጨዋወት አንዱ ወጣት፥ «በቱርክ አገር ታላቁ ቤተ ክርስቲያን መስጊድ ሆነ የሚባለው እውነት ነውን?» ሲል ጠየቀን። ለአንባቢዎቻችንም ይጠቅማል ብለን መልሳችንን እዚህ እንጽፈዋለን፤ ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቤቱ ቅድስት ሶፍያ ይባላል፤ ቅድስት ጥበብ ማለት ነው። ያሠራው የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወደ አክሱሙ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፥ የሐር ንግድ ከፋርስ እጅ ወጥቶ በኢትዮጵያውያን በኩል እንዲያልፍለት የለመነ እርሱ ነው። ሥራው በ532 ተጀምሮ በ537 ተፈጸመ። አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ የተባሉት ሊቃውንት የተደፋ ገበቴ የመሰለ፥ ስፋቱ 31 ሜትር ያህል የሆነ የጡብ ጉልላት ሰቀሉበት። በ558 ተደርምሶ እንደ ገና ተሠርቷል።

በ1453 ሡልጣን ዳግማዊ መሐመድ ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ቤቱን አላፈረሰውም፤ መስጊድ አደረገው እንጂ። መስቀሉ ወረደ፤ መንበሩ ተነሣ፤ ሚናራዎች ተተከሉ፤ ሥዕሎቹም ውለው አድረው በልስን ተሸፈኑ። አቅጣጫውን ግን መለወጥ አልተቻለም። ቤቱ ሲሠራ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሯል፤ መካ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ሚሕራቡ ከመቅደሱ መካከል ጥቂት ፈንጠር ብሎ ተሠራ፤ የሰጋጆቹም ሰልፍ እስከ ዛሬ በአዳራሹ ላይ አግድሞ ሰያፍ ይሄዳል። ለእኛ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ታሪኩን የሚናገረው ይህ ነው።

በ16ኛው ምዕት ዓመት የኦቶማኑ መሐንዲስ ሲናን ግድግዳውን በድጋፍ ግንብ አጠናከረው። እንግዲህ ቤቱ ዛሬ ቆሞ የሚታየው በክርስቲያኖቹ ድካም ብቻ አይደለም። በ1934 የቱርክ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ሙዚየም እንዲሆን ወሰነ፤ በ2020 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ስለ ሻረው እንደ ገና መስጊድ ሆኗል። በጸሎት ሰዓት የእመቤታችን ሥዕል በመጋረጃ ይሸፈናል።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ፥ «ግፍ ነው» አለ።

እኛም ስለ ሐረር ጠየቅነው። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ከተማዪቱን ከያዙ በኋላ፥ በጀጎል ውስጥ በፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ግብፆች ያቆሙት መስጊድ በነበረበት ሥፍራ መሆኑን ያውቅ እንደ ሆነ።

ጥቂት ዝም አለና፥ «ይህንን ማንም አልነገረን» አለ። በእርሱ ዕድሜ ሳለን ለእኛም የነገረን አልነበረም።