ስኳር፣ ጭስና በርሜል

የፒፓ ትምባሆ ጣሳ ሲከፈት የሚወጣው የደረቀ ፍራፍሬ፣ የማር፣ የቆዳና የጭስ መዓዛ ማሳው ላይ ካለው እርጥብ ቅጠል አይገኝም። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ውስጥ የሚፈጠር ነው። ተክሉ አንድ ነው፤ የቲማቲም፣ የድንችና የበርበሬ ዘመድ የሆነው ኒኮቲያና ታባኩም። የዘርና የአፈር ልዩነት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ቨርጂኒያና በርሊ የሚባሉትን ሁለት ታላላቅ የትምባሆ ዓይነቶች አጥብቆ የሚለያቸው ቅጠሉ የሚሞትበት ፍጥነት ነው።

የተቆረጠ ቅጠል ወዲያው አይሞትም። ሕዋሳቱ መተንፈሳቸውን ይቀጥላሉ፤ ለዚህም ያጠራቀሙትን ስታርች ወደ ስኳር እየለወጡ ይጠቀሙበታል። ቨርጂኒያ የሚደርቀው እሳቱ ከውጭ እየነደደ ሙቀቱ በቱቦ በሚገባበት ዝግ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እርጥብ አየር ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። አረንጓዴው ቢጫ፣ ስታርቹም ስኳር ይሆናል። ልክ በዚህ ጊዜ ገበሬው ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ኢንዛይሞቹ ሥራ ያቆማሉ፣ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ስኳሩም ሳይበላ ይቀራል። በሳምንት ገደማ ከማድረቂያው የሚወጣው ቢጫ ቅጠል ከደረቅ ክብደቱ አንድ አምስተኛው ስኳር ሊሆን ይችላል።

ይህን አደራረቅ በሚመለከት በአሜሪካ የሚተረክ ታሪክ አለ። በ1839 እ.ኤ.አ. በኖርዝ ካሮላይና፣ በካስዌል አውራጃ፣ በአቢሻ ስሌድ እርሻ በባርነት የሚሠራ ስቲቨን የተባለ ወጣት የማድረቂያውን እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። ከብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ከሰል አምጥቶ ሲጨምርበት ድንገተኛው ደረቅ ሙቀት ቅጠሉን ደማቅ ቢጫ አደረገው። አካባቢው በዚህ ቅጠል በለጸገ፤ ሀብቱ ግን ለስቲቨን አልደረሰም።

በርሊ ሌላ ዕጣ አለው። አየር በሚያስገባ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለአንድ ወር፣ ለሁለት ወር እሳት ሳይነካው በቀስታ ይደርቃል። ለመሞት ጊዜ ስላገኘ ስኳሩን ከሞላ ጎደል ተንፍሶ ይጨርሰዋል። የሚቀረው ቡናማ፣ ቀላልና ፈሳሽ የሚመጥ ቅጠል ነው። ቫኒላ፣ ካካዎ ወይም ሩም የሚሸቱት ቅይጦች በብዛት በርሊን የሚይዙት ለዚህ ነው፤ የራሱ ጣፋጭነት ስለሌለው የሰጡትን ይጠጣል። እውነቱን ለመናገር በእነዚህ ቅይጦች መዓዛ ይበልጥ የሚደሰተው አጫሹ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። የተጨመረው ሽቶ በቀላሉ ስለሚተን በክፍሉ አየር ውስጥ ይሰራጫል፤ በአጫሹ አፍ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው።

የእንግሊዞች ቅይጥ የሚባለው ከዚህ በተቃራኒ ሽቶ አይጨመርበትም፤ ቅጠል ከቅጠል ጋር ብቻ ይገናኛል። አልፍሬድ ደንሂል በ1907 እ.ኤ.አ. በለንደን ዱክ ጎዳና የከፈተው ሱቅ ለደንበኛው እንደ ፍላጎቱ ቀላቅሎ ቅይጡን በቁጥር ይመዘግብ ነበር። ከነዚህ አንዱ፣ 965 ቁጥር፣ በኋላ በጣሳ ታሽጎ በዓለም ገበያ ታወቀ። የእንዲህ ዓይነቱ ቅይጥ መሠረት የቨርጂኒያ ስኳር ነው፤ በፀሐይ የደረቁት የቱርክና የግሪክ ትንንሽ ቅጠሎች ሙጫ ሙጫ የሚል ሽታቸውን ይሰጡታል፤ ቀለሙንና ድምፁን የሚሰጠው ግን ጥቁሩ ላታኪያ ነው።

ላታኪያ ስሙን የወሰደው ከሶሪያዋ የወደብ ከተማ ሲሆን፣ ዛሬ በገበያ የሚታወቀው የቆጵሮሱ ነው። በፀሐይ የደረቀው ቅጠል በዝግ ቤት ተሰቅሎ ለወራት በጭስ ይታጠናል። ማገዶው በአብዛኛው የማስቲካ ቁጥቋጦ ሲሆን ጥድና አደስ ይታከሉበታል፤ አደሱ የእኛ እናቶች ከቅቤ ጋር ለጸጉር የሚቀቡት ያው ተክል ነው። እንጨት ሲጨስ በውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል ጠንካራ ነገር ይፈርስና ጓያኮልን የመሰሉ ፌኖሎች ይለቃል። እነዚህ ቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ከታጠበ በኋላ እንኳ ሽታው የማይለቀው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። ላታኪያን የማያውቅ ሰው የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ ቢል አይፈረድበትም፤ የለመደው ግን ያለ እሱ ማጨስ አይሆንለትም።

ፔሪክ የሚባለው ትምባሆ ደግሞ ከጭስም ከሙቀትም ይልቅ ግፊትን ይመርጣል። በሉዊዚያና፣ በኒው ኦርሊንስና በባተን ሩዥ መካከል ባለው ሴንት ጄምስ አውራጃ ቅጠሉ በውስኪ በርሜል ታጭቆ በብሎን መጫኛ ይጨመቃል። አየር ባጣው የራሱ ጭማቂ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ይብላላል፤ በመሃል እየወጣ ይናፈሳል፣ ተመልሶ ይጨመቃል። ውጤቱ እንደ በለስና ኮምጣጤ የሚሸት ጥቁር ቅጠል ነው። ብቻውን ስለሚከብድ ቀያጮች በቁንጥር ይጨምሩታል።

ታሽጎ በተቀመጠ ጣሳ ውስጥም ሥራው አይቆምም። ስኳሩና አሚኖ አሲዶቹ ቡናን ሲቆላ በሚያጠቁረው ሜላርድ በሚባለው ሂደት፣ ያለ እሳት፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብለው ይገናኛሉ። ቅጠሉን ቢጫ ያደረጉት ካሮቲኖይዶችም ተሰባብረው ዳማሴኖንን የመሰሉ መዓዛዎች ይሆናሉ፤ ይህ ሞለኪውል በጽጌረዳ ዘይት ውስጥም ይገኛል። የቨርጂኒያ አፍቃሪዎች ጣሳ ገዝተው ለዓመታት የሚደብቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ፒፓው ስንመጣ፣ አጫሹ የሚቀምሰው የተቃጠለውን ትምባሆ ብቻ አይደለም። ከፍሙ በታች ገና ያልነደደው ትምባሆ በሙቀቱ እየተነነ መዓዛውን ወደ ጭሱ ያስገባል፤ አብዛኛው ጣዕም ከዚህ ቀጭን ሽፋን የሚመጣ ነው። አጥብቆ የሚስብ ሰው ፍሙን ያግመዋል፣ ስስ ሞለኪውሎቹን ይሰብራል፣ ከእርጥብ ትምባሆ የወጣው እንፋሎትም ምላሱን ይለበልበዋል። በነገራችን ላይ የፒፓው አካል አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለፈለው በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚበቅል አስታ ሥር ነው። በስሜንና በባሌ ተራሮች የምናየው አስታ ዝርያው ያው ነው። የሥሩ እብጠት ለሰዓታት ተቀቅሎ ለወራት ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ቢሸከምም በቀላሉ አይቃጠልም።

የስኳሩ ጉዳይ ግን በጣዕም አያበቃም። ስኳር ሲቃጠል አሲድ ይሰጣል፤ ስለዚህ የቨርጂኒያ ጭስ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ወደ 6 ዝቅ ይላል። በዚህ ፒኤች ከኒኮቲኑ አንድ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የአፍን ሽፋን በቀላሉ በሚያልፍበት ነጻ መልኩ የሚገኘው። የጭሱ ፒኤች 8 ሲደርስ ግን ግማሹ ነጻ ይሆናል። ስኳር አልባ ቅጠል የበዛበት ፒፓ ወደ ሳንባ ሳይሳብ የሚያረካው፣ በቨርጂኒያ ላይ የተመሠረተ ሲጋራ ደግሞ ወደ ሳንባ ካልገባ የማያረካው በዚህ ሒሳብ ነው። ፒፓ አጫሽ «ወደ ውስጥ አልስብም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮ ካንሰር ግን ሳንባ ድረስ መግባትን አይጠብቅም፣ የሳንባውም ቢሆን ያሰጋዋል።

ጣዕሙን የሠራው አደራረቅ መርዙንም ይሠራል። ላታኪያን ያጠነው ጭስ ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ ካንሰር አምጪዎችን ቅጠሉ ላይ ይተዋል። ቨርጂኒያን ለማድረቅ የጋዝ ምድጃ ትንፋሽ በቀጥታ ወደ ማድረቂያው ይገባ በነበረበት ዘመን ደግሞ ናይትሮጂን ኦክሳይዱ ከኒኮቲንና ከዘመዶቹ ጋር ተዋህዶ ናይትሮዛሚን የሚባሉትን ካንሰር አምጪዎች ይፈጥር ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የአሜሪካ ገበሬዎች የምድጃውን ጭስ ከቅጠሉ የሚለይ መሣሪያ ሲያስገቡ መጠኑ በእጅጉ ቀነሰ። በርሊን እንዲህ በቀላሉ ማዳን አልተቻለም። በእሱ ላይ ሥራውን የሚሠሩት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሬት ናይትሮዛሚን ወደሚፈጥረው ናይትራይት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዘር መምረጥና ማድረቂያ ቤቱን ማናፈስ መጠኑን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ባክቴሪያዎቹ የሚመቻቸው እርጥብና ቀርፋፋ አደራረቅ በርሊን በርሊ የሚያደርገው ራሱ ነውና።