ውኃ ማርባት

አኳሪየሙ ሳሎኔ ከገባ አምስት ሳምንት ቢሞላውም ከድንጋይና ከውኃ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። አክስቴ ሊጠይቁኝ መጥተው መስታወቱን ተጠግተው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዓሣው የታለ?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። «ታዲያ እስካሁን ውኃ ነው እንዴ የምታረባው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኋላ ሳስበው ግን፣ ካነበብኩት ሁሉ ሥራውን እንደሳቸው አሳጥሮ የገለጸልኝ አልነበረም።

የባሕር አኳሪየም ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ለኮራል ነው። ኮራል ተክል ይመስላል፣ ሲነኩት ድንጋይ ነው፣ ግን እንስሳ ነው። ብዙ ዝርያዎች በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ለኮራሉ ያካፍሉታል። ስለዚህ ከላይ የሚበራው ሰማያዊ መብራት ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም፤ የኮራሉ ቀለብ ነው። አጥንቱን ደግሞ ከውኃው ውስጥ ካልሲየም እየሳበ ይገነባል። ውኃው ከተበላሸ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

ውኃውን የምናዘጋጀው ራሳችን ነን። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይሟሟል፤ ለ200 ሊትር 7 ኪሎ መሆኑ ነው። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፣ አሞሌም ቢሆን። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው ጨው ማግኒዥየሙም ካልሲየሙም ተመጥኖ የገባበት ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ከቧንቧው የሚመጣ ጥቂት መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላል። ስለዚህ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል።

ከዚያ ድንጋዩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ፣ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ የባሕር እንስሳትን እንዴት እንደሚያኖር ጽፎ ነበር። ምስጢሩ ድንጋዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው። ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንደኛው ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት። ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፦ ድንጋዩ እርሾ ነው። ሊጥ ተቦክቶ ወዲያው እንደማይጋገር ሁሉ ይህም እስኪብላላ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ትንሽ አሞኒያ ጠብ ተደርጎ በማግስቱ ሲለካ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው።

እኔን የሸወደኝ ትነት ነው። ውኃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። እኔ ግን የጎደለውን በየቀኑ ሁለት ሊትር ጨዋማ ውኃ እሞላ ነበር። በአሥረኛው ቀን በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት አየሁ። አንዲት ጠብታ ሪፍራክቶሜትር በምትባለው መለኪያ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ አቅንቼ ስመለከት፣ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 35 ላይ መቆም ሲገባው 38ን አልፏል። ለካ በየቀኑ 70 ግራም ጨው ስጨምር ኖሯል! ደግነቱ ገና ዓሣ አልገባበትም። ጥቂት ጥቂት እየቀዳሁ በተጣራ ውኃ ተካሁት። የሚተነውን መሙላት ያለበት ጨው የሌለው ውኃ ነው፣ ሁልጊዜ።

«ለጅምሩ ትንሿ አኳሪየም ትበቃኛለች» የሚል ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ከ200 ሊትር ላይ ሁለት ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 35.4 ቢወጣ ነው፤ ከ40 ሊትር ላይ ግን 36.8 ይደርሳል። ትንሽ ውኃ ስሕተት አይችልም። ለጀማሪ ከ150 እስከ 250 ሊትር ቢሆን እመርጣለሁ፣ ወለሉ ከቻለው። 200 ሊትር ውኃ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይሸከመውም። የቀረው ዕቃ ብዙ አያከራክርም፦ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አካባቢ የሚይዝ ማሞቂያ፣ ውኃውን የሚያናውጡ ሁለት ፓምፖች፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ ስኪመር። ገንዘብ ካጠረ ከጌጡ ይቀነስ እንጂ ከመለኪያው አይቀነስ።

በስድስተኛው ሳምንት ሁለት ክላውንፊሽ ገዛሁ፤ በኒሞ ፊልም የታወቁት፣ ብርቱካንማ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁት። ሁለቱም በእርባታ የተገኙ ናቸው። በባሕር ውስጥ አብረውት የሚኖሩት አኔሞኒ የሚባለው እንስሳ ገና ለጀመረ ሰው ስለማይመከር አልገዛሁም፤ ያለሱም ይኖራሉ። ከረጢቱን ሙቀቱ እስኪስተካከል ውኃው ላይ አንሳፍፌ፣ ቀስ በቀስ ከአኳሪየሙ ውኃ ጨምሬበት ለቀቅኳቸው። ተያይዘው ድንጋዩ ሥር ገቡ።

ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳቸው። «እሰይ! ወንዱ የትኛው ነው?» አሉ። ክላውንፊሽ ሴት ሆኖ አይፈለፈልም፤ ከጥንዱ ገዝፎና በርትቶ የወጣው ነው ወደ ሴትነት የሚለወጠው። ይህን በስልክ ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው?

«ገና ነው፣ አክስቴ» አልኳቸው።