የከረመ ቤንዚን

ጥቅምት አልፎ ጭቃው ሲደርቅ በዳንግላ ዙሪያ የውሃ ፓምፖች ከተቀመጡበት ጥግ ይወጣሉ። ሽንኩርትና ድንች በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ሞተሩን ከሰኔ ወዲህ አልነካውም፤ ክረምቱ ሥራውን ሠርቶለታል። ገመዱን ይስባል፣ ደግሞ ይስባል፤ ሞተሩ አንዴ ያስነጥስና ዝም። ካንዴላው ተፈትቶ ይወለወላል። ጎረቤት ይጠራል፣ የእሱም ክንድ ይዝላል። በመጨረሻ ፓምፑ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ከተማ ይገባል። ጥሩ መካኒክ ከሆነ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት የታንኩን ክዳን ከፍቶ ያሸታል፤ «ይሄ ቤንዚን መቼ የተቀዳ ነው?» ይላል።

እንጅባራ አካባቢ ባሕር ዛፍ የሚጣልበት የሞተር መጋዝም (ብዙዎች ቼይንሶ የሚሉት) ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ለከሰል የሚቆረጠው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በአራት በአምስት ዓመቱ ስለሚወድቅ መጥረቢያ ይበቃዋል፤ መጋዙ የሚፈለገው ወፍራም ግንድ ሲገኝ ነው። የሚሠራበት ቀን ጥቂት፣ የሚያርፍበት ወር ብዙ።

ቤንዚን የመቶዎች ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው፤ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 12 የካርቦን አቶም አላቸው። ቀላሎቹ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተናሉ፤ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይጠብቃሉ። በብርድ ጠዋት ሞተር የሚያስነሱት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቀድመው የሚያመልጡትም እነሱው። ከወራት በኋላ ታንኩ ውስጥ የሚቀረው ቤንዚን ይነድዳል፣ ግን ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚበቃ ተን አይሰጥም።

እዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይገባበታል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላሉ። ቤንዚኑ ጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ ከተጫነው የአየር ግፊት እንጅባራ ሲደርስ ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ይቀራል። ግፊቱ ሲቀንስ ቀላሎቹ ለመውጣት ይቀልላቸዋል። በዚያ ላይ ቀንና ሌሊት አለ፤ ቀን ሲሞቅ ከታንኩ ተን ይወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የክረምቱ እርጥብ አየር ይገባል። የታንኩ ክዳን ሞተሩ ሲሠራ አየር እንዲያስገባ ተብሎ ትንሽ መተንፈሻ ስላለው፣ አጥብቆ መዝጋት ብቻውን አያድንም።

ሁለተኛው ጉዳት ከኦክስጅን ይመጣል። ኦሌፊን የሚባሉት የቤንዚኑ ክፍሎች ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህደው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ሙጫ ይሆናሉ። ችግሩ የመኪና ዘመን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ተከትሎ የመጣ ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊሊያም በርተን እ.ኤ.አ. በ1913 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ከባዱን ዘይት በሙቀትና በግፊት ሰባብሮ ብዙ ቤንዚን አስገኘ፣ ከቤንዚኑ ጋር ግን ኦሌፊኑም በዛ። ዛሬ ማጣሪያዎች ፀረ ኦክስጅን ቅመም ይጨምሩበታል፤ ቅመሙም ጊዜ አለው። ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በሰጠው መመሪያ፣ በጥላ ሥር ታሽጎ የተቀመጠ ቤንዚን ዓመት ይቆያል፤ ከተከፈተ በ20 ዲግሪ ስድስት ወር፣ በ30 ዲግሪ ሦስት ወር፤ በማሽኑ ታንክ ውስጥ ግን አንድ ወር። ቀዝቃዛው የእንጅባራ አየር ለጀሪካኑ ደግ ነው። ለማሽኑ ታንክ ግን ያን ያህል አይረዳውም።

በእኔ እምነት ሰው የሚሳሳተው ታንኩን ብቻ በማየቱ ነው። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው በካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ትንሽ ጽዋ ውስጥ የቀረው፣ ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ቤንዚን ነው። ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይተናል፤ ሙጫው ግን አይተንም። በብዙዎቹ ፓምፖች ላይ ጽዋዋን በ10 ቁልፍ መፍታት ይቻላል። ስትከፈት ግድግዳዋ ላይ ቡናማ ቅባት፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ዝገት ይታያል፤ ሽታው የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ እንደ አሮጌ ቀለም ይከረፋል። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚያልፍባት የነሐስ ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትጠባለች። ስስ የሙጫ ሽፋን ይደፍናታል። አንዳንዱ መካኒክ በብረት ሽቦ ይወጋታል፤ ሽቦው ቀዳዳዋን ካሰፋ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ጥቁር ጭስ እየተፋ ቤንዚን ይጠጣል። ከመብራት ገመድ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ይሻላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በሰኔ የመጨረሻው ውሃ ሲያበቃ ታንኩን መገልበጥ። የተገለበጠው ቤንዚን ገና ደህና ስለሆነ በዚያው ሳምንት ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ይጠቀምበታል። ከዚያ ሞተሩን ራሱ እስኪጠፋ ማስኬድ፣ ጽዋዋ ሥር የምትቀረውንም በማፍሰሻ ብሎኗ ማውጣት። የውጭ አገር መመሪያዎች ታንኩን ሞልቶ ማቆያ ቅመም መጨመርን ይመክራሉ። ቅመሙ በየሱቁ ለማይገኝበትና ቤንዚን በወረፋ ለሚቀዳበት አገር ግን ይህ ምክር አይመችም። ስለ ኢታኖልም ብዙ ያወራሉ፤ ኢታኖል እርጥበት ይስብና ከውሃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። እኛ ዘንድ ግን በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል የተጀመረው ለአዲስ አበባ ቤንዚን ነበር።

መጋዙ ከፓምፑ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ቀዳዳው በከፊል ሲደፈን ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ዘይቱም ይቀንሳል፤ ሞተሩ እየጮኸ ይፈጥናል፣ ይግላል፣ ፒስተኑም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ካርቡሬተር ማጽዳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ፒስተን መለወጥ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ብቻ ማዋሃድ ይበጃል፤ ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ መጋዝ ውስጥ አይግባ። ስዊድኖች ኦሌፊን የሌለበት፣ ለዓመታት የሚቆይ ልዩ ቤንዚን ለመጋዝ ያመርታሉ፤ ዋጋው ግን ከተራው በብዙ ይበልጣል።

ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ ካለ ክዳኑ የሚጠብቅ ንጹሕ የነዳጅ ጀሪካን ይያዝ፤ ሃይላንድ ፕላስቲክ ብርሃን ያስገባል፣ ብርሃን ደግሞ ሙጫውን ያፋጥናል። ቤንዚን በየ10 ዲግሪው አንድ በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ አፉ ድረስ አይሞላ። ምድጃ ባለበት ቤት ፈጽሞ አይደር፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ እሳቱን ያገኘዋል፤ ለመቀጣጠልም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ አያግደውም። በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም ይቅር፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል።

ቀለሙ የጠቆረ፣ ሽታው የተለወጠ ቤንዚን ለማንኛውም ሞተር አይበጅም። መሬት ላይ መድፋት ግን በተለይ ዳንግላ ላይ ነውር ነው። የወረዳው እርሻና ቤተሰብ ከሚጠጡት ውሃ ብዙው ከጥልቅ ጉድጓድ ሳይሆን በእጅ ከተቆፈረ የቅርብ ጉድጓድ ይወጣል፤ በዳንግሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ዝናቡንና የጉድጓዶቹን ውሃ ከፍታ እየለኩ መዝግበዋል። ከቤንዚኑ ክፍሎች አንዱ ቤንዜን (benzene) የሚባለው ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ነው፤ በውሃ ይሟሟል፣ በአፈሩም ሰርጎ ይወርዳል። የተበላሸው ክዳኑ በሚጠብቅ የብረት ዕቃ ተዘግቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ፤ እዚያ የዛገ ብሎንና ቅባት የያዘ ሰንሰለት ለማጠብ ይውላል።