ኖማድ፦ ከቴሌቪዥን ሥር ወጥቶ እጅ የገባው ጌም

ፕሌይስቴሽን ቤት ቁጭ ብሎ ተራውን የጠበቀ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ ሳይመጣበት አይቀርም፤ ይህንን ዕቃ ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ በእጅ ይዞ መሄድ ቢቻልስ? ምኞቱን ወረቀት ላይ መሣል ቀላል ነው። ጆይስቲኩን ግራና ቀኝ ከፍሎ መሀሉ ላይ ስክሪን ማስገባት ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ የማይታዩ ሁለት ነገሮች ግን አሉ፤ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣና ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚወጣ። ነገሩን ሁሉ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይህን ምኞት ሳይሸራርፍ ለመፈጸም የሞከረ አንድ መሣሪያ ነበር፤ የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1995 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለገበያ ያወጣው ኖማድ።

ኖማድን ለማወቅ መጀመሪያ የቤቱን ማሽን ማወቅ ያሻል። ሴጋ በ1988 ጃፓን ውስጥ ሜጋ ድራይቭ ብሎ ያወጣው፣ በዓመቱ አሜሪካ ሲገባ ጀነሲስ የተባለው ኮንሶል ልቡ የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ነው፤ ፍጥነቱ 7.6 ሜጋኸርዝ ገደማ። ለድምፁ ደግሞ ዜድ 80 የሚባል ሌላ ቺፕ አለው። ጌሙ በካሴት ይገባል። ኩባንያው ይህን ማሽን የማሳነስ ልምምድ ጃፓን ውስጥ ጀምሮት ነበር። ሜጋ ጄት የሚባል፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ግን የራሱ ስክሪን የሌለው ዕቃ ሠርቶ በጃፓን አየር መንገድ በረራዎች ላይ ተሳፋሪዎች ይጫወቱበት ነበር፤ ሥዕሉ የሚታየው በአውሮፕላኑ ስክሪን ላይ ነው። ኖማድ ለዚህ ሐሳብ 3.25 ኢንች ባለቀለም ስክሪን ጨመረለት። ጌሞቹ የቤቱ ማሽን ጌሞች ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ልጅ መደርደሪያው ላይ የደረደራቸውን ካሴቶች አንስቶ ይሰካቸዋል። ስድስት መጫወቻ ቁልፎች፣ ለሁለተኛ ተጫዋች የሚሆን የጆይስቲክ መሰኪያ፣ ሲያስፈልግ ቴሌቪዥን ላይ የሚያያይዝ መውጫም ነበረው። በ1995 ይህን ሁሉ አንድ ላይ ማሰባሰብ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትን መሐንዲሶች ከልቤ አደንቃለሁ።

ችግሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ኖማድ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። የእያንዳንዱ 1.5 ቮልት ሲደመር 9 ቮልት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ጀነሲስ ከግድግዳ ሶኬት በአዳፕተር የሚወስደውም ይህንኑ 9 ቮልት ነው። ሶኬት ግን አይደክምም። ድንጋዮቹ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። ከቺፖቹ በተጨማሪ ጉልበታቸውን የሚመጠው ከስክሪኑ በስተጀርባ የሚበራው ትንሽ የፍሎረሰንት መብራት ነው። ተፎካካሪው ኒንቴንዶ በ1989 ያወጣው፣ በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይ ይህን ዕዳ አስቀድሞ ሸሽቶታል። ሥራውን የመሩት ጉንፔይ ዮኮይ ቀለም የሌለው፣ መብራት የሌለው ስክሪን መረጡ። በዚህም ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ያጫውት ነበር።

ስክሪኑ ሌላም ጣጣ ነበረበት። በዚያ ዘመን ርካሽ የነበረው ዓይነት ስለሆነ ምስሉን ቶሎ አይቀይርም። የሴጋ መለያ የሆነው ሶኒክ ደግሞ ሥራው መሮጥ ነው፤ ሲሮጥ ከኋላው የደበዘዘ ጥላ ይጎትታል። ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ግን የአንዲት ቁልፍ ነገር ነው። በ1993 የወጣው የጀነሲሱ ኤክስ-ሜን ጌም አንድ ቦታ ላይ ኮምፒውተሩን ዳግም አስነሳ ይላል፤ መፍትሔው የኮንሶሉን የሪሴት ቁልፍ መጫን ነው። ኖማድ ሪሴት የለውም። ስለዚህ ኖማድ ላይ ያንን ጌም የጀመረ ሰው እዚያው ይቆማል። ጌሙን የጻፉት ሰዎች ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሣጥን እያሰቡ ነበርና ሣጥኑ ሲቀየር ያ ሐሳባቸው አብሮ ጠፋ።

ዋጋው 180 ዶላር ነበር፤ ያኔ ብዙ ነው። ጊዜውም ዘግይቷል። የሴጋ ቀጣዩ የቤት ማሽን ሳተርን በዚያው ዓመት ግንቦት አሜሪካ ገብቶ ስለነበር ኖማድ ገና ሲወጣ የትናንት ጌም ይዞ ነው የወጣው።

ዛሬ ባትሪው ተሻሽሏል፤ የዛሬውን ፕሌይስቴሽን በኪስ መያዝ አይቻልም ወይ? ስሌቱን እንሥራው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲያጫውት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል። በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ስዊች ባትሪ የሚይዘው ደግሞ 16 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። አሥራ ስድስትን ለሁለት መቶ ስናካፍለው አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ 200 ዋት የሚያህል ሙቀት በሁለት መዳፍ መሀል ማን ይችለዋል? ሶኒ በ2023 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ለዚህ የሰጠው መልስ ሽሽት ነው ባይ ነኝ፤ ማሽኑ እቤት ይቀራል፣ በእጅ የሚያዘው ምስሉን በዋይፋይ የሚቀበል ስክሪን ብቻ ነው።

ስዊች ግን ጥያቄውን ገለበጠው። ኒንቴንዶ በ2017 ያወጣው ይህ ማሽን ሲነደፍ መነሻው እጅ ነው። ውስጡ ያለው የኤንቪዲያ ቴግራ ኤክስ 1 ቺፕ ከመሠረቱ ለታብሌትና ለመሳሰሉት የታሰበ፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ነው። የራሱ ስክሪን ስፋት 1280 በ720 ነጥብ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ እስከ 1920 በ1080 ያወጣል፤ ይህም ከሁለት እጥፍ በላይ የሆኑ ነጥቦችን መሣል ማለት ነው። እጅ ላይ ሲሆን ሥራው ስለሚቀልለት የሥዕል ቺፑን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሙቀቱም የባትሪ ፍጆታውም አብሮ ይወርዳል። ትንሽ ስክሪን ላይ ደግሞ ዓይን ጉድለቱን ብዙም አያየውም። ኖማድ ምንም ላለመተው ሲል ድንጋዮቹን ጨረሰ፤ ስዊች የሚተወውን መርጦ ተወ። ከ150 ሚሊዮን በላይ መሸጡ ምርጫው ትክክል እንደነበር ይመሰክራል።

ኖማድን ግን ሰው አልረሳውም። አሮጌ ጌም የሚወዱ ባለሙያዎች ፍሎረሰንቱን ስክሪን አውጥተው ዘመናዊ ኤልኢዲ ያለው ያስገቡለታል፤ ፍጆታው በእጅጉ ይቀንሳል፣ ሶኒክም ጥርት ብሎ ይሮጣል። በውጭ አገር የምትኖሩና አንድ አግኝታችሁ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች መቀየራቸውን ጠይቁ። ከዘመን ብዛት ፈሳሻቸው ይወጣና ቦርዱን ይበላዋል።